የጉድጓዱ ምስክር

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የማወራችሁ የውሃ ነገር ነው።

ባንግላዴሽ ውሃ የጠማት አገር አይደለችም። መከራዋ ኩሬው ነበር። ከኩሬው የሚጠጡ ሕፃናት በተቅማጥ ይረግፉ ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዩኒሴፍና መንግሥት ቱቦ እየቀበሩ በእጅ ፓምፕ ውሃ ያወጡ ጀመር። ምን ያለ ውሃ! ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ። ጉድጓዱም በየደጁ ተቆፍሮ ሚሊዮኖች ደረሰ።

ዓመታት አለፉ። የሰው መዳፍ ይሻክር፣ ደረቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣ ጀመር፤ ከዚያም ካንሰር መጣ። በ1993 ከጉድጓዶቹ አርሰኒክ ተገኘ። ጠላት የጨመረው አይደለም፤ ወንዞች ከሂማሊያ ባወረዱት ደለል ውስጥ ተኝቶ የኖረ መርዝ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። የዓለም ጤና ድርጅት ልኩ በሊትር ከ10 ማይክሮግራም አይለፍ ይላል፤ ይኸውም የግራም መቶ ሺህኛ ነው። ይህን የየትኛዋ እናት ምላስ ይለየዋል? ያንን ሁሉ ጉድጓድስ ማን መርምሮ ይዘልቀዋል?

እዚህ ላይ ነው ኢ. ኮላይ የሚገባው። አዎ፣ በተቅማጥ ስሙ የሚነሳው ባክቴሪያ! የተወሰደው ግን ሰው የማይጎዳው የቤተ ሙከራ ዝርያው ነው። ይህች ደቂቅ ፍጥረት ከአርሰኒክ ጋር የቆየ ጠብ አላት። አንድ ፕሮቲን እንደ ዘበኛ ዘረመሏ ላይ ተቀምጦ መርዝ ማስወጫዋን ዘግቶ ይጠብቃል። አርሰኒክ ሲገባ ዘበኛውን ይይዘዋል፤ ዘበኛው በሩን ይለቃል፤ ማስወጫው ይሠራል። በስዊዘርላንድ ያን ሩሎፍ ቫን ደር ሜርና ባልደረቦቹ ከዚያው በር ኋላ ሌላ ዘረመል ቀጠሉበት፤ ብርሃን ከሚሰጡ ባክቴሪያዎች የተገኘ። ከዚያ ወዲያ በሩ ሲከፈት ብርሃን ይወጣል፤ መርዙ ሲበዛም ብርሃኑ ይበረታል። ለዓይን ደካማ ስለሆነ መሣሪያ ይለካዋል።

መጀመሪያ በቬትናም 194 የከርሰ ምድር ውሃ ናሙናዎችን ፈተኑበት። ውጤቱ በ2005 ሲወጣ ከትልቁ የላቦራቶሪ መሣሪያ ጋር በአብዛኛው የተስማማ ነበር።

ቆይቶም ዘዴው ለሙከራ ባንግላዴሽ ደረሰ። ባክቴሪያዋ ደርቃ በታሸገ ብልቃጥ ትጓዛለች፤ የጉድጓዱ ውሃ በመርፌ ይገባላታል፤ ትነቃለች። የተነካካ ዘረመሏ ሜዳ እንዳይወጣ ብልቃጡ አይከፈትም። ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው።

በአገሪቱ መንደሮች በምርመራ መርዝ የተገኘበት ፓምፕ ቀይ፣ ደኅናው አረንጓዴ ይቀባ ነበር፤ ሴቶችም ቀዩን አልፈው አረንጓዴው ድረስ ለመጠጥ ውሃ ይሄዱ ነበር። ልጆቻቸውን ከባክቴሪያ ለማዳን በተቆፈረው ጉድጓድ ላይ፣ ባክቴሪያ ራሷ ለምስክርነት ቀረበች።