ስለ ጦስኝ ሻይ ታሪክና በይፋግ አገር ስላለው ጥቅም

ርብና ጉማራ የተባሉት ሁለቱ ወንዞቻችን ከጉና ተራራ ተነሥተው የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ወደ ይፋግ ገበያም ከዚያው ከደጋው የሚወርድ አንድ ትንሽ ቅጠል አለ፤ ስሙም ጦስኝ ይባላል። ሜዳችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ኾነ ጦስኝ አይበቅልበትም። እርሱ የሚወደው ብርዱን ነው፤ ጉናም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ነው። ስለዚህ እኛ የሜዳው ልጆች ጦስኝን የምናውቀው ከመሬት ላይ ሳይኾን ከገበያ፣ ከደገኞች ከረጢት ውስጥ ነው።

ይፋግ ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጎጃም በሚያልፈው በጥንቱ የነጋድያን መንገድ ላይ ያለች የቆየች የገበያ ከተማ ናት። አሞሌ ጨውና የማርትሬዛ ብር መገበያያ በነበሩበት ዘመን የደጋውና የቆላው ሰው በእንዲህ ያለ ገበያ ይገናኝ ነበር። የደጋው ሰው የሚያመጣው ገብስና ጦስኝ ሲኾን፣ ከሜዳው ይዞት የሚመለሰው ነገር ግን ሁልጊዜ መልካም አልነበረም። ይህንንም ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የጦስኝ ሻይ አፈላል ቀላል ነው። ውኃው ከፈላ በኋላ አንድ ጭብጥ ደረቅ ጦስኝ ይጨመርበታል፤ ሽታው እንዳይጠፋም ተከድኖ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ ተጠሎ በማር ይጠጣል። የሚጠጣውም ለሳል፣ ለጉንፋን፣ ለሆድ ቁርጠትና ለራስ ምታት ነው። ለምች ግን ሌላ ቅጠል አለው፤ እርሱም ዳማከሴ ነው፤ ታሽቶ ይሸተታል፤ ጭማቂውም በቡና ይጠጣል። ጤና አዳምም እንዲሁ ከቡና ጋር ይኾናል። አያቴ እነዚህን ሲያቀላቅል ያዩትን ሰው «ቅጠል ኹሉ አንድ መሰለህ?» ብለው ይቆጡታል።

በጎንደር አገር ክርስቲያኖች ዘንድ እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ ቡና መጠጣት ይነቀፍ እንደ ነበረ በታሪክ ተጽፏል። የስኳር ሻይም ወደ ገጠር የገባው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ብርድ የመታውን ሰው ቅጠል አፍልቶ ማጠጣት ከኹለቱም የቀደመ ልማድ ይመስለኛል።

ፈረንጆች ለኢትዮጵያው ጦስኝ የሰጡት ስም የተወሰደው ከሺምፐር ነው። ሺምፐር በ1829 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን መጥቶ እስኪሞት ድረስ አርባ ዓመት ያህል የኖረ፣ ዕፅዋትንም እየሰበሰበ ወደ አውሮፓ የላከ ጀርመናዊ ነበር። የዛሬዎቹ ሊቃውንት ደግሞ በጦስኝ ዘይት ውስጥ ታይሞል የሚባል ተሕዋስያንን የሚገድል ነገር አግኝተዋል፤ ይኸው ታይሞል ጥርስና አፍ ለማጠብ በሚሠሩ መድኃኒቶች ውስጥም ይገባል። እንግዲህ አያቶቻችን ለጉሮሮ የመረጡት በከንቱ አልነበረም።

አሁን ወደ ገበያው ልመለስ። ደገኛው ከሜዳው ይዞት የሚመለሰው አንዱ ነገር በቀድሞ ስሙ ንዳድ የተባለው ወባ ነው። ከሰኔ 1950 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. በአገራችን በተነሣው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታምሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። የተጠቃውም ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለው አገር ነበር፤ የእኛ ሜዳ ከፍታም በዚሁ መካከል ይገኛል። በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቁሞ በየቤቱ ዲዲቲ መርጨት ከመጀመሩ በፊት፣ በትኩሳት ለሚንቀጠቀጥ ልጅ እናት በእጇ የነበራት ቅጠል ብቻ ነበር። ጦስኙም ጉሮሮውን ያለሰልሳል፣ ያልበዋል፣ ያስተኛዋል። በደሙ ያለውን ተሕዋስ ግን አይነካውም።

አንዳንድ ጓደኞቼ ግን «የወባ መድኃኒትም ከቅጠል የወጣ አይደለምን?» ይሉኛል። እውነት ነው። በቻይና ከ1,600 ዓመት በፊት የኖረ አንድ ሐኪም ለትኩሳት አንድ የአሪቲ ዘመድ የኾነ ቅጠል በውኃ ዘፍዝፎ ጨምቆ መጠጣትን ጽፏል፤ አፍላ አላለም። ቱ ዩዩ የተባሉት የቻይና ሴት ተመራማሪ ይህን አንብበው፣ ሙቀት የቅጠሉን ኀይል ያጠፋው እንደ ኾነ ጠርጥረው፣ በ1964 ዓ.ም. ያለ ብዙ ሙቀት ለይተው አወጡት፤ በ2008 ዓ.ም.ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በጤና ጣቢያችን የሚሰጠው ኮአርተም የዚያ ቅጠል ልጅ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ በልክ የተመዘነ ነው፤ ቅጠሉን በሻይ መልክ መጠጣትን የዓለም የጤና ድርጅትም አይደግፈውም።

ትኩሳት ኹሉ ወባ አለመኾኑን ደግሞ የራሳችን ወረዳ ሊቦ ከምከም በከባድ ዋጋ ተምሯል። ብዙ ሰው በትኩሳት ከስቶ ሆዱ እያበጠ ሲሞት፣ በሽታው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሲመረመር ግን ካላዛር ኾኖ ተገኘ። ወደ መተማና ሑመራ ለጉልበት ሥራ የወረዱ ሰዎች ይዘውት እንደ መጡ ይታሰባል፤ ሕክምናውም በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ተጀመረ።

ካቻምና በኅዳር ወር ታናሽ ወንድሜ ታሞ ሦስት ቀን ጦስኝና ዳማከሴ ስናጠጣው ሰነበትን። ላብ ሲያልበው ተሻለው እያልን ደስ ይለን ነበር። በአራተኛው ቀን ዐይኑ ሲከብድ አባቴ ተሸክመውት ሄዱ፤ ደሙ ሲመረመር ወባ ተገኘበት፤ መድኃኒቱን ጨርሶ ዳነ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሥርዐቱ ተለውጧል። ትኩሳት የያዘው ሰው መጀመሪያ ጣቱን ተወግቶ ይመረመራል። አያቴም ጦስኙን አልተዉትም፤ ከጤና ጣቢያ እስክንመለስ አፍልተው፣ ከድነው፣ ማሩን አጠገቡ አስቀምጠው ይጠብቁናል።