ታንዛኒያ፦ ከ50 ለ1 ወደ 9 ለ1 የወረደው ደመወዝ

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ታንጋኒካ በታኅሣሥ 1961 ነፃ ስትወጣ ከእንግሊዞች ከወረሰቻቸው ነገሮች አንዱ የደመወዝ ስኬል ነበር። ስኬሉ የተሠራው ባለሙያን ከእንግሊዝ አገር አባብሎ ለማምጣት ነው። አገሬው ሹመኛ በእንግሊዛዊው ወንበር ሲቀመጥ ደመወዙም ተከተለው። ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ በኋላ እንደገለጹት፣ በነፃነት ዓመት የመንግሥት ትልቁ ደመወዝ ግብሩ ተቀንሶ እንኳ የትንሹ 50 እጥፍ ነበር።

የመጀመሪያው እርምጃ ለስላሳ ነበር፤ በ1961 በጋናዊው ኤ. ኤል. አዱ የተመራ ኮሚሽን ደመወዙን መረመረ። እንግሊዝም በአገሩ ለቆዩ ዜጎቿ የሚከፈለውን ተጨማሪ አበል ራሷ መሸፈን ጀመረች።

ጉዳዩን ያጋጋለው ግን ተማሪው ነው። በጥቅምት 1966 የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የግዴታ ብሔራዊ አገልግሎትን በመቃወም ሰልፍ ወጡ። አገልግሎቱ ተመራቂው ለወራት ከደመወዙ 40 በመቶውን ብቻ እየተቀበለ እንዲሠራ ያስገድድ ነበር። ኔሬሬ ተማሪዎቹን ተቀብለው አነጋገሩ፤ የተማረው ክፍል ደመወዝ ከገበሬው ገቢ ጋር ሲነጻጸር ያሳፍራል ብለው ተቆጡ። ወዲያው የራሳቸውን ደመወዝ በ20 በመቶ ቀነሱ፤ 400 ያህል ተማሪዎችንም ወደየቤታቸው ሰደዱ። የገዛ ደመወዝን መቁረጥ ከብዙ መሪ የማይጠበቅ ነው፤ ተማሪን ማባረር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በየካቲት 1967 የአሩሻ መግለጫ ተከተለ። የፓርቲና የመንግሥት ኃላፊ ሁለት ደመወዝ መብላት፣ ቤት ማከራየትና የኩባንያ አክሲዮን መያዝ ተከለከለ። የታችኛው ደመወዝ ከፍ፣ የላይኛው ግብር ከበድ እያለ ልዩነቱ በ1967 ወደ 20 ለ1፣ በ1976 ወደ 9 ለ1 ወረደ።

ቁጥሩ ያስደንቃል። ነገር ግን የተለካው በደመወዝተኞች መካከል ያለው ርቀት እንጂ በደመወዝና በገበያ መካከል ያለው አልነበረም። የነዳጅ ዋጋ ንረት፣ ከ1978 እስከ 1979 ከኢዲ አሚን ጋር የተደረገው ጦርነትና የመንግሥት ድርጅቶች ኪሳራ ተደራርበው በ1980ዎቹ የሠራተኛው ደመወዝ ወሩን አላደርስ አለ። ዶክተሩም ፕሮፌሰሩም ዶሮ አርቢ፣ ላም አላቢ ሆኑ። ይህ የጎን ሥራ በስዋሂሊ «ሚራዲ»፣ ማለትም ፕሮጀክቶች፣ ይባል ነበር። የቢሮው ሰዓት ለሚራዲው መዋሉ አልቀረም።

ገዢው ፓርቲ በ1991 ዛንዚባር ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ክልከላውን አላላ፤ ኃላፊዎች ቤት እንዲያከራዩ፣ አክሲዮን እንዲገዙና ተጨማሪ ደመወዝ እንዲቀበሉ ተፈቀደላቸው።