ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን የማኅፀን ዕድሜ፤ የአገማመቱ አጭር ታሪክ

የዚህ ጽሑፍ ዋና ዐሳብ፥ ከጊዜያቸው እጅግ ቀድመው የሚወለዱ ሕፃናት በማኅፀን የቆዩበት ዘመን በምን ዘዴ ሲገመት እንደ ኖረ መግለጽ ነው። ሐኪሞች ከ28 ሳምንት በፊት የተወለደውን ሕፃን እጅግ ያለ ጊዜው የተወለደ ይሉታል። የዚህን ሕፃን ዕድሜ ማወቅ የመዝገብ ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ዳሩ ግን በ1995 (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በታላቋ ብሪታንያና በአየርላንድ በተደረገው ጥናት፥ የሕይወት ምልክት ይዘው ከተወለዱት ውስጥ ከሆስፒታል በሕይወት የወጡት በ23 ሳምንት ከተወለዱት ከመቶ 11፥ በ24 ሳምንት 26፥ በ25 ሳምንት 44 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቍጥሩ የተሻሻለ ቢሆንም፥ በአንድ ሳምንት ልዩነት የሕፃኑ ተስፋ በብዙ እንደሚለወጥ ከዚህ እንረዳለን። ሐኪሙ ሕፃኑን ለማስተንፈስ ይድከም ወይስ አቅፋ ትሰናበተው ዘንድ ለእናቱ ይስጣት ብሎ ሲወስን ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ቍጥር ነው።

ከሁሉ የቀደመው መለኪያ የእናቲቱ ቃል ነው። በሃይደልበርግ አስተማሪ የነበረው ጀርመናዊው ሐኪም ፍራንትዝ ካርል ኔገሌ (1778–1851) በስሙ የሚጠራውን ደንብ አስፋፋ፤ ይኸውም የመጨረሻው ወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ዘጠኝ ወርና 7 ቀን መቍጠር ነው። ድምሩ 280 ቀን ወይም 40 ሳምንት ያህል ይሆናል። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን ስለ ሆነ በአገራችን ቀመሩ 9 ወርና 10 ቀን ነው፤ ጳጉሜን በመካከል ካለፈች ግን 9 ወርና 5 ቀን፥ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት 9 ወርና 4 ቀን ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ መሠረቱ ግን ጽንሱ የሚጀመረው ወር አበባው ከታየ በ14ኛው ቀን ገደማ ነው የሚል ግምት ነው። ወር አበባዋ የሚዛባባት፥ ቀኑን ያላስታወሰች ወይም ጡት እያጠባች ሳለች ወር አበባ ሳታይ የፀነሰች ሴት ከዚህ ደንብ ብዙ አትጠቀምም።

ሁለተኛው መለኪያ ሚዛን ነው። በፓሪስ ስቴፋን ታርኒየ በ1880 ሕፃናትን የሚያሞቅ ሣጥን በማዋለጃ ቤት ሥራ ላይ አዋለ፤ ደቀ መዝሙሩ ፒየር ቡደንም ስለ እነዚህ ደካማ ሕፃናት ያስተማረውን በ1900 በመጽሐፍ አወጣ። በ1919 ፊንላንዳዊው ሐኪም አርቮ ኡልፐ 2,500 ግራምን እንደ ወሰን አቀረበ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1948 ይህንኑ ተቀበለ። ሚዛን አይዋሽም፤ የሚናገረው ግን ስለ ክብደት እንጂ ስለ ዘመን አይደለም። በማኅፀን ሳለ ምግብ ያነሰው የዘጠኝ ወር ልጅና ያለ ወሩ የተወለደ ልጅ በአንድ መዝገብ ሲጻፉ ቆዩ። ድርጅቱ በ1961 ዝቅተኛ ክብደትን ካለ ጊዜ መወለድ እንዲለይ አደረገ። ሉላ ለብቼንኮም በ1963 በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ፥ ክብደት ከ24 እስከ 42 ሳምንት በየሳምንቱ እንዴት እንደሚያድግ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አወጣች።

እንግዲህ ከሚዛኑ ወደ ሕፃኑ አካል መዞር ግድ ሆነ። ፈረንሳዊቷ ሱዛን ሴንት-አን ዳርጋሲ የጡንቻ ጥንካሬ ከእግር ተነሥቶ ወደ ላይ በየሳምንቱ እየጨመረ እንደሚሄድ አስተዋለች፤ ክሎዲን አሚየል-ቲዞንም በ1968 ይህንኑ ለምርመራ በሚያመች መልክ አቀረበች። በካናዳ ሮበርት ኡሸርና ባልደረቦቹ በ1966 የውስጥ እግርን መስመሮች፥ የጡትን እብጠት፥ የጆሮንም ጥንካሬ ምልክት አደረጉ። በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ባልና ሚስቱ ቪክቶርና ሊሊ ዱቦዊትዝ ከጎልድበርግ ጋር በ1970 ሁለቱን መንገዶች አጣምረው 10 የነርቭና 11 የውጭ አካል ምልክቶችን በነጥብ አስቀመጡ። ነገር ግን ምርመራው ረጅም ነበረ፤ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚኖረውን ደካማ ሕፃንም እያገላበጡ መመርመር አስቸጋሪ ነው። ስለሆነም ጂን ባላርድ በ1979 ምልክቶቹን ወደ 12 አሳጠረች፤ በ1991ም ከ20 ሳምንት ጀምሮ እንዲያገለግል አስፋችው። በዚህ አዲስ ሠንጠረዥ የዐይን ሽፋን መጣበቅ፥ የቆዳ መለጠፍና ውስጡን ማሳየት፥ የውስጥ እግር ርዝመት ከ40 ሚሊ ሜትር ማነስ የታናሽነት ምልክቶች ናቸው።

ከዚህ ላይ የታሪኩ ዋና ችግር ይገለጣል። በ1999 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፥ ከ28 ሳምንት በፊት በተወለዱት ላይ የባላርድ ነጥብ በእናቲቱ ቀን ከተቈጠረው ዕድሜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ያህል አብልጦ እንደሚገምት አሳየ። ይህ ማለት የ23 ሳምንቱ ሕፃን የ25 ሳምንት ሊባል ይችላል ማለት ነው። ለ34 ሳምንት ሕፃን የሁለት ሳምንት ስሕተት ውሳኔውን ብዙ ላይለውጥ ይችላል፤ በ23ኛው ሳምንት ግን ለወላጆቹ የሚነገረውን ተስፋ ከሥሩ ይለውጠዋል።

የመጨረሻው ዘዴ የሕፃኑን መወለድ የማይጠብቀው ነው። በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ ኢያን ዶናልድ በ1958 ጽንስን በአልትራሳውንድ ማየት እንደሚቻል አሳተመ፤ በዚያው ከተማ ህዩ ሮቢንሰን በ1973 የጽንሱን ርዝመት ከራስ እስከ መቀመጫ መለካት ጀመረ። ይህ ልኬት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሲደረግ ዕድሜውን በአምስት ቀን ገደማ ልዩነት ያስታውቃል። እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ ግን ጽንሶች በመጠን ስለሚለያዩ ስሕተቱ ይሰፋል። ስለዚህ ምጥ ይዟት ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ቤት የደረሰች እናት ከዚህ መሣሪያ የምታገኘው ጥቅም ጥቂት ነው፤ በአገራችንም ብዙ እናቶች እንዲህ ናቸው።

ከላይ ከዘረዘርነው የምንረዳው፥ አዲሱ ዘዴ አሮጌውን ፈጽሞ እንዳልሻረው ነው። የእናት ቃል፥ ሚዛን፥ የአካል ምልክትና መሣሪያ እያንዳንዱ የየራሱ ስሕተት አለው፤ የአካሉ ምልክት ደግሞ በጣም በሚፈለግበት ቦታ ላይ በጣም ይደክማል። እንግዲህ ዕድሜው 24 ሳምንት ነው ተብሎ ሲጻፍ፥ በምን ዘዴ እንደ ተገመተና ምን ያህል ሊያፈነግጥ እንደሚችል አብሮ ሊጻፍ የሚገባ ይመስለናል። ይልቁንም በእርግዝናው መጀመሪያ እናቲቱን ቀኑን ጠይቆ መመዝገብ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ሲሆን፥ ከወራት በኋላ የአንድ ሕፃን ዕድል የሚወሰነው በዚያች አንዲት መስመር ሊሆን ይችላል።