ሙዚቃው ያማረ፣ ጥሪው የማይሰማ፦ የገመድ አልባ ሄድፎን ሁለት ታሪክ

ገመድ አልባ ሄድፎን የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን የሚፈትነው በአንድ መንገድ ነው። ሱቅ ውስጥ ቆሞ አንድ ዘፈን ይከፍታል፤ ቤዙ ከተስማማው ይከፍላል። በማግስቱ ስልክ ሲደውል ወዲያ ማዶ ያለው ሰው «አይሰማም፣ ጉድጓድ ውስጥ ነህ እንዴ?» ይለዋል። ገዢው ፎርጅድ የሸጡለት ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ እሱ አይደለም። ኦሪጅናሉም ቢሆን ይህ ጠባይ አለበት፤ ምክንያቱን ለማወቅም ከ140 ዓመት በላይ ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግርሃም ቤል የስልክን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1876 ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1881፣ ፓሪስ ውስጥ ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ክሌማን አዴር የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በኦፔራ ቤቱ መድረክ ላይ ከግራና ከቀኝ የስልክ ድምፅ መቀበያዎችን ደርድሮ ሽቦውን እስከ ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ዘረጋ። ጎብኚዎች በሁለቱም ጆሮዎቻቸው ላይ አንዳንድ የስልክ ማዳመጫ ይዘው ኦፔራውን ሰሙ። ዘፋኙ ከመድረኩ አንድ ጥግ ወደ ሌላው ሲሄድ በጆሯቸው ይከታተሉት ነበር። ዛሬ ስቴሪዮ የሚባለው ነገር በሕዝብ ፊት የታየው ያን ጊዜ ነው። ሥራው በኋላ ቴአትሮፎን ተብሎ ከ1890 ጀምሮ የክፍያ አገልግሎት ሆነ፤ እስከ 1932ም ቆየ። ስለዚህ በማዳመጫ ሙዚቃ መስማት የተወለደው ከስልክ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፦ የቴአትሮፎን ደንበኛ ይሰማል እንጂ አይናገርም።

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ማዳመጫ የሚያደርጉ ሠራተኞች ነበሩ፤ የስልክ ማዞሪያ ኦፕሬተሮች። ሁለት እጃቸው መስመር በመሰካትና በመንቀል ስለተያዘ ማዳመጫውም መናገሪያውም ሰውነታቸው ላይ መታሰር ነበረበት። የመጀመሪያዎቹ ትከሻ ላይ የሚያርፉ፣ ኪሎዎች የሚመዝኑ ዕቃዎች ነበሩ። ኦፕሬተሯ የሚያስፈልጋት የድምፅ ውበት ሳይሆን ቃሉን አጥርቶ መስማት ነው። የስልክ መሐንዲሶችም ይህንኑ መሠረት አድርገው ቆጠቡ። የሰው ጆሮ በግምት ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል፤ የስልክ መስመር ግን ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ እንዲያሳልፍ ተወሰነ። ንግግር ለመረዳት ይህ ይበቃል። የከበሮ ጉምታ ግን ከታች፣ የማሲንቆ ጭረትም ከላይ ተቆርጦ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ መንገዶች ተለያዩ። በ1910 ናትናኤል ባልድዊን በአሜሪካ ዩታ፣ በቤቱ ማዕድ ቤት ውስጥ የሠራውን ማዳመጫ የባሕር ኃይሉ ገዛው፤ ዓላማው የሬዲዮ መልእክት መስማት ነበር። በ1958 ጆን ኮስ ሚልዋኪ ከተማ ላይ ለሙዚቃ ብቻ የተሠራ ስቴሪዮ ሄድፎን አቀረበ። በ1979 ደግሞ የሶኒ ዎክማን ሙዚቃን መንገድ ላይ አወጣው። የኩባንያው መሪ አኪዮ ሞሪታ ሰው ለብቻው ሙዚቃ መስማቱ ነውር እንዳይሆን ሰግቶ ስለነበር የመጀመሪያው ዎክማን ለሁለት ሰው የሚሆን ሁለት መሰኪያ ነበረው። ሁለቱ እንዲነጋገሩም ማይክና ሙዚቃውን ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ ተጨመረለት። ገበያው ግን ለዚያ ቁልፍ ግድ አልነበረውም። ሰው ለብቻው መስማትን መረጠ፤ የሙዚቃ ሄድፎንም ለረጅም ጊዜ ያለ ማይክ ኖረ።

ሁለቱን መልሶ ያገናኘው ብሉቱዝ ነው። ሥራው በስዊድን ሉንድ ከተማ በኤሪክሰን ተጀመረ፤ ያፕ ሃርትሰን በ1994 የገባበት ይህ ፕሮጀክት በ1998 ኖኪያን፣ ኢንቴልን፣ አይቢኤምንና ቶሺባን ያቀፈ ማኅበር ሆነ። ስሙ የዴንማርክን ነገዶች አንድ አድርጓል ከሚባለው የ10ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ከሃራልድ ብሉቱዝ ተወሰደ። የመጀመሪያው የድምፅ አገልግሎት የተቀረፀው ግን ለስልክ ጥሪ ነው፦ ድምፅ በሴኮንድ 8,000 ጊዜ እየተለካ፣ በሁለቱም አቅጣጫ በ64 ኪሎቢት ይሄዳል። ይህ የድሮው የስልክ መስመር ልክ ነው። ጥራት ላለው ስቴሪዮ ሙዚቃ የሚሆን ሌላ ደንብ የወጣው በ2003 ነው። እሱ በሴኮንድ እስከ 44,100 እና ከዚያም በላይ ይለካል፤ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ልክ እንደ ቴአትሮፎን።

አንድ ሄድፎን ሁለቱንም ደንብ ይይዛል፤ በአንድ ጊዜ ግን አይጠቀምባቸውም። ማይኩ ሲከፈት የሙዚቃው መንገድ ይዘጋና የስልኩ ይከፈታል። ኮምፒውተር ላይ ዘፈን እየሰማ ስብሰባ የሚገባ ሰው ድምፁ በድንገት ሲሰልል የሚሰማው ለዚህ ነው። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» የሚለው እዚህ ይሠራል። በ2011 የጥሪው ልክ በእጥፍ አድጎ 16,000 ሆነ። ሙዚቃንና ጥሪን በአዲስ መንገድ የሚያስተናግደው ኤልኢ ኦዲዮ ደግሞ በ2020 ይፋ ሆነ፤ የሚጠቅመው ግን ስልኩም ሄድፎኑም ሲደግፉት ነው። ካርቶኑ ላይ «ብሉቱዝ 5.3» መጻፉ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፦ «ኖይዝ ካንስሊንግ» የሚለው ጽሑፍ። አማር ቦዝ ሐሳቡ የመጣለት በ1978 ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበር፣ የአውሮፕላኑ ጩኸት ሙዚቃውን ሲውጥበት ነው። ኩባንያው በ1989 ለአብራሪዎች፣ በ2000 ደግሞ ለመንገደኞች የሚሆን ምርት አወጣ። ዘዴው የውጭውን ድምፅ በማይክ ይዞ ተቃራኒውን ሞገድ ወደ ጆሮ መላክ ነው። እንደ ሞተር ላለ የማያቋርጥ ጩኸት ጥሩ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ድምፅ ያለልክ ከመጨመርም ጆሮን ያድናል። ነገር ግን ያረፈው የለበሰው ሰው ነው። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው የረዳቱን ጥሪና የመኪናውን ጥሩንባ እንደሰማ ነው። የማይኩን ድምፅ ማጥራት ሌላ ሥራ ነው፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ትንሽ ዕቃ ደግሞ ማይኩ ከአፍ ስለሚርቅ ይቸገራል። የጥሪ ማዕከል ሠራተኞች ዛሬም እስከ አፋቸው የሚደርስ ዘንግ ያለው ማይክ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ሄድፎን ሲመዘን ጥያቄው ሁለት መሆን አለበት። ለሙዚቃው ገዢው ራሱ ይበቃል። በደንብ የሚያውቀውን ዘፈን ይክፈት፤ ከበሮው ክራሩን ይሸፍነው እንደሆነ፣ ግራና ቀኙ ተለይቶ ይሰማ እንደሆነ ያዳምጥ። ለጥሪው ግን ገዢው ዳኛ መሆን አይችልም፤ የራሱ ማይክ ወደ ሌላው ጆሮ ምን እንደሚያደርስ አይሰማምና። ከሱቁ ወደ መንገዱ ወጥቶ ይደውል፤ ወይም የድምፅ መልእክት ቀድቶ መልሶ ይስማው። ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራ ደግሞ ገንዘብ የማያስወጣ መፍትሔ አለ፦ ለመስማት ሄድፎኑን፣ ለመናገር የኮምፒውተሩን ማይክ መምረጥ። በገመድ የሚሰካ ርካሽ ማዳመጫም ለጥሪ ከውድ ብሉቱዝ ሊሻል ይችላል።

ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። የሥራ ቃለ መጠይቅ በስልክ ይደረጋል፤ ሪያድ ያለች እህት ከእናቷ ጋር የምትገናኘው በዚያው ነው። የተቆራረጠ ድምፅ ሲሰማ ኪሳራው የሚደርሰው ዕቃውን ባልገዛው ሰው ላይ ነው፤ ሻጩም አምራቹም ያንን ሰው አይጠይቁትም። ቢያንስ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ይጠይቀው።