ወረርሽኝ፣ የግንባታ ውልና የፍርድ ቤት ቀጠሮ፦ ከኅዳር በሽታ እስከ 2012 ዓ.ም.

በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ በሕዝባችን ትዝታ የቀረው ከሞትና ከቀብር ጋር ተያይዞ ነው። ወረርሽኝ ግን ሕይወትን ብቻ ሳይሆን ሰው ለሰው የገባውን ቃልም ይፈትናል። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ሁለተኛ ፈተና ሲሆን፣ መነሻችንም የግንባታ ውልና ከእርሱ የሚመነጨው የፍትሐ ብሔር ክርክር ነው።

የኅዳር በሽታ ካለፈ ከ41 ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1952 ዓ.ም.፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ። በአንቀጽ 1792 መሠረት ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው ባለዕዳው በተለምዶ ሊገምተው የማይችልና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚያግደው ነገር ነው፤ ግዴታውን የሚያከብድበት ብቻ ከሆነ አይበቃም። አንቀጽ 1793 የመሬት መንቀጥቀጥን፣ መብረቅን፣ ጎርፍን፣ ጦርነትን፣ የመንግሥት ክልከላንና የባለዕዳውን ያልታሰበ ጽኑ ሕመም በምሳሌነት ይዘረዝራል። ወረርሽኝን ግን በስሙ አይጠራም። የኅዳር በሽታን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ገና በሕይወት በነበሩበት ዘመን ይህ ዝምታ መኖሩ ያስገርማል። አንቀጽ 1794 ደግሞ ተዋዋዮቹ በግልጽ ካልተስማሙበት በቀር የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናርን ከዚህ ተራ ያወጣዋል።

የእነዚህ ድንጋጌዎች ክብደት ጎልቶ የሚታየው በግንባታ ሥራ ላይ ነው። ሠራተኞቹ በበሽታ የተበተኑበት፣ ሲሚንቶና ብረት የተወደደበት ሥራ ተቋራጭ «ሥራው ከበደኝ» ከማለት አልፎ «ፈጽሞ አልተቻለኝም» ለማለት ይቸገራል። አሠሪው ግለሰብ ከሆነ ዳኛው ውሉን እንዳያሻሽል አንቀጽ 1763 እና 1764 እጁን ይይዙታል። አሠሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆንና ሸክሙን ያከበደውም የመንግሥት ውሳኔ ሲሆን ግን አንቀጽ 1767 በር ይከፍታል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ችግር የደረሰባቸው ሁለት ሥራ ተቋራጮች፣ አንዱ ለመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ሌላው ለግለሰብ መኖሪያ ቤት በመሥራታቸው ብቻ ዕጣቸው ሊለያይ ይችላል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ኢትዮጵያ ሲገባ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በከፊል ተዘግተው በአስቸኳይ ጉዳዮች ተወሰኑ። ብዙው ክርክር ቀጠሮ ሊጠብቅ ይችላል፤ የግንባታ ማስረጃ ግን አይጠብቅም። የተሰነጠቀ ግድግዳ ይለሰናል፣ መሠረት በአፈር ይሸፈናል፣ ሥራውን በየቀኑ የመዘገበው መሐንዲስ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ፋይሉ በመዝገብ ቤት ሲያርፍ ጉዳቱ በአንደኛው ወገን ትከሻ ላይ ያድራል።

የእንግሊዝ ሕግ ሌላ መንገድ መርጧል። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በአብዛኛው የግንባታ ውል ላይ፣ የተጣሉት ወገኖች ለአንድ ገለልተኛ ባለሙያ አመልክተው በመደበኛው በ28 ቀን ውስጥ ጊዜያዊ ውሳኔ እንዲያገኙ ፈቀደ። አንድ ሥራ ተቋራጭ በወረርሽኙ ምክንያት ማስረጃ ለማሰባሰብና ሥፍራው ሲጎበኝ ለመገኘት አልቻልኩም በማለት ይኸው ሂደት እንዲታገድለት ለቴክኖሎጂና ግንባታ ችሎት አመለከተ። ችሎቱ አፕሪል 2 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጥያቄውን አልተቀበለውም፤ ወገኖቹ በጉብኝቱ የመገኘት መብት እንደሌላቸውና ጉብኝቱም በምስል ሊቀረጽ እንደሚችል አመለከተ። እንዲህ ያለው አሠራር ገንዘብ ጠያቂውን ከመጉላላት ያድናል፤ የተቸገረውን ተከሳሽ ግን ያጣድፋል። ያለ ዋጋ የሚገኝ ፍጥነት የለም።

ከዚህ የምንረዳው፣ ወረርሽኝ የሚያስከትለው ኪሳራ በማን ላይ እንደሚወድቅ በአብዛኛው የሚወሰነው በሽታው ከመግባቱ በፊት፣ ሕጉና ውሉ ሲጻፉ መሆኑን ነው። በበኩላችን የውል አርቃቂዎች ወረርሽኝን በስሙ ጠርተው የጊዜ ማራዘሚያንና የወጪ ክፍፍልን ለየብቻ እንዲደነግጉ፣ ፍርድ ቤቶችም በሚዘጉበት ወቅት የግንባታ ሥፍራ ማስረጃን መጠበቅ ከአስቸኳይ ጉዳዮች እንዲቆጥሩት እናሳስባለን። ከኅዳር በሽታ እስከ ኮሮና 101 ዓመት አልፏል፤ የሚቀጥለውን ግን በዚያው ዝምታ ልንጠብቀው አይገባም።