አባዬና የጓሳ ሣር

ባለፈው ሳምንት የአባዬን ሙት ዓመት ልናወጣ መንዝ ሄጄ ነበር። በማግስቱ ብቻዬን ጓሳ ወጣሁ። እዚያ የነገሩኝን አንድ ነገር ሳልጽፈው እንዳይቀር ብዬ ነው።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ እከሌ ነገሠ፣ እከሌ ዘመተ ነበር የማስተምራችሁ። ሣርም ታሪክ አለው ብላችሁኝ ቢሆን እስቅባችሁ ነበር።

ጓሳን ለማታውቁት፦ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ጠለል ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኝ ብርዳም ቦታ ነው። ቀይ ቀበሮ አለበት፣ ጭላዳ አለበት። ከዚያ የሚነሣው ውኃ ከፊሉ ወደ አዋሽ፣ ከፊሉ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ስሙን ያገኘው ግን ከሣሩ ነው። በጓሳ ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ እረኛው ለዝናብ የሚደርበው ገሳም ከሱ ይሠራል።

ይህን ሣር የመንዝ ሰው ከ400 ዓመት ገደማ ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቆ አቆየው። (የቅርቡን ቄሮ እንዳታስቡ፣ ይሄ ሌላ ነው።) የአስቦና የጌራ ዘር ነኝ የሚል ርስተኛ አለቃውን ይመርጣል። ቦታው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። በዝግ ጊዜ ገብቶ ያጨደ ወዮለት! ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስ ነበር፣ እንደ አባዬ አነጋገር። ርስት የሌለው ደግሞ ከሩቅ ማየት ብቻ ነው።

አባዬ ከሩቅ ከሚያዩት ነበሩ። አያቴ መጤ ናቸው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ርስት ቀረ፣ ቄሮም አብሮት ቀረ። ጓሳ የሁሉም ሆነና ጠባቂ አጣ።

ዲፕሎማዬን ይዤ በመጣሁበት ዓመት አብረን ወጥተን ነበር። አንድ ቦታ ላይ ዱላቸውን ተከሉና "እዚህ ጋ በጨረቃ አጭደናል" አሉኝ።

"አንቱም?"

"እኔማ ከሁሉ ቀድሜ! አባቴ በሩቁ እያየ የሞተበትን ሣር ክፍት ነው ሲሉኝ፣ ማጭዴን ማን ይይዝልኛል?"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ የእናትህ ቤት ጥሩ ተከደነ" ብለው ሳቁ። ትንሽ ሄድ ብለን ደግሞ፣ "ቀበሮዋን ግን ስንት ዓመት አላየኋትም" አሉ።

እኔ ተራራ ወዳድ ናቸው እያልኩ ነበር የማወራላቸው። ይሄን ከሰማሁ በኋላ በየቅዳሜው ለምን እንደሚወጡ መጠየቅ አልደፈርኩም። ጅብራ ብዙ ዓመት ኖሮ አንዴ አብቦ ይሞታል፤ የትኛው ዘንድሮ እንደሚያብብ አስቀድመው ያውቁ ነበር። እኔ ዛሬም አለየውም።

ኋላ ሕዝቡ ራሱ ከየቀበሌው ተወካይ መርጦ ኮሚቴ አቋቋመና ጓሳን መልሶ ዘጋው። በአሁኑ የማን ዘር ነህ የሚባል ነገር የለም። የተላለፈ ሰው ሲከሰስ አባዬ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጡ ነበር፤ ቅጣት ይቀለልለት ባይ ሁሌም እሳቸው ናቸው አሉ። ይሄን የሰማሁት ለቅሶው ላይ ነው።

የቤታቸው ክዳን አሁን ያፈስሳል። ወንድሜ ቆርቆሮ እናልብሰው ይላል፣ እናቴ እንቢ ብላለች። ጓሳ ደግሞ ዝግ ነው። ለጊዜው ላስቲክ ጣል አድርገንበት ተመልሻለሁ።