ለመድፍ የተጠረገው መንገድ

የአንድን የተመሸገ ከተማ ታሪክ ለመማር የሚሻ ሰው ብዙ ጊዜ ዐይኑን የሚጥለው በቅጥሩ ላይ ነው። የግንቡን ቁመት ይለካል፤ በሮቹን ይቈጥራል፤ ማን እንደ ሠራውና ማን እንደ ከበበው ይጠይቃል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ከግንቡ ወጥተን በዙሪያው ያሉትን መንገዶች እንከተላለን። ግንብ የሰውን ፍርሃት ሲነግረን፥ መንገድ ኑሮውን ሁሉ ይነግረናልና። ለምሳሌ የመረጥናት በፈረንሳይ አገር፥ በአልፕስ ተራሮች መካከል፥ በኢጣሊያ ወሰን አጠገብ ያለችውን የብሪያንሶንን ከተማ ነው። ዛሬ በዚህች ከተማ ዙሪያ፥ በረዶው በሚቀልጥበት ወራት፥ በቢስክሌት ተራራ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። የሚሄዱባቸው መንገዶች ግን አብዛኞቹ ለጨዋታ የተሠሩ አልነበሩም። ዓመተ ምሕረት ብለን ካልጠቀስን በቀር፥ ከዚህ በታች የምናነሣቸው ዘመኖች በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ብሪያንሶን ከባሕር ጠለል በላይ በ1,326 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ይህ ከፍታ ለእኛ ለደጋ ሰዎች ቆላ ሊመስለን ይችላል፤ በዚያ በሰሜን አገር ግን ክረምቱ ጽኑ፥ በረዶውም ከባድ ነው። ከተማዋ የዱራንስና የጊዛን ወንዞች ከሚገናኙበት በላይ በተሾመች ጉብታ ላይ ተቀምጣ፥ ወደ ኢጣሊያ የሚያሻግረውን የሞንጄኔቭርን የተራራ በር ትጠብቃለች። ሮማውያን ከኢጣሊያ ወደ ጋልያ ሲያልፉ ይህን በር ያውቁት ነበር፤ ከተማዋንም ብሪጋንቲዩም ይሏት ነበር።

አስቀድመን ልናስታውሰው የሚገባ ነገር ቢኖር፥ ይህ ተራራ ጥንት ወሰን አለመሆኑ ነው። በ1343 የአገሩ ገዥ ዳግማዊ ሁምበርት፥ በብሪያንሶን ዙሪያ ለሚኖሩት የተራራ ሰዎች የነጻነት ደብዳቤ ሰጣቸው። እነርሱም ስለዚህ 12,000 ፍሎሪን ወርቅ ከፍለው ዓመታዊ ግብር ለመገበር ተዋዋሉ። ከዚያ ወዲህ ኤስካርቶን የሚባሉት አምስት ማኅበሮች ከተራራው ወዲህና ወዲያ ሆነው ግብራቸውን ራሳቸው እየደለደሉ፥ የወል ግጦሹን፥ ደኑንና መንገዱን ራሳቸው እየጠበቁ ኖሩ። በጎችና በቅሎዎች፥ አይብና ጨርቅ የሚጭኑ ነጋዴዎች በተራራው በሮች ያለ ከልካይ ይመላለሱ ነበር።

በእነዚሁ መንገዶች መምህራንም ያልፉ ነበር። የብሪያንሶን አገር ሰዎች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ ማንበብና መጻፍ በማወቃቸው የታወቁ ነበሩ። ክረምት በቀረበ ጊዜ መምህራኑ ከመንደራቸው ወርደው፥ በባርኔጣቸው ላይ የወፍ ላባ ሰክተው በገበያ ይቆማሉ። አንድ ላባ የሰካው ንባብ ያስተምራል፤ የላባው ቍጥር ሲጨምር የትምህርቱም ዐይነት ይጨምራል፤ ሦስት ላባ ያለው ላቲን ጭምር ያውቃል ማለት ነው። የአገራችን የቆሎ ተማሪ መምህር ፍለጋ አገር ላገር እንደሚዞር፥ እነዚህ ደግሞ ተማሪ ፍለጋ የሚዞሩ መምህራን ነበሩ።

ይህ ኑሮ የተናጋው በነገሥታት ጠብ ነው። በ1692 መጀመሪያ ላይ ብሪያንሶን በእሳት ተቃጥላ አብዛኛው ቤቷ ወደመ። በዚያው ዓመት በጋ የሳቮያው መስፍን ቪክቶር አሜዴዎ ተራራውን ተሻግሮ አጎራባቹን አገር ወረረ፤ የጋፕንም ከተማ አቃጠለ። የፈረንሳይ ንጉሥ ዐሥራ አራተኛው ሉዊ በዚህ ደንግጦ፥ በምሽግ ሥራ በዘመኑ አቻ ያልነበረውን ቮባንን ላከ። ቮባንም አገሩን ባየ ጊዜ አንድ ችግር ታየው። ከተማዋን ቅጥር ቢያጥሯት በዙሪያዋ ያሉት ኮረብቶች ከእርስዋ ይበልጣሉ፤ በእነርሱ ላይ መድፍ የጠመደ ጠላት ቅጥሩን ከላይ ሆኖ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ከተማዋን ለመጠበቅ ኮረብቶቹን መያዝ ግድ ነው ብሎ ፈረደ። እርሱ በ1707 ከሞተ በኋላም ሌሎች መሐንዲሶች ዐሳቡን ተከትለው የሳሌትን፥ የቴትንና የራንዱዬን ምሽጎች ሠሩ። ከከተማዋ ወደ ምሽጎቹ ለመሻገርም በዱራንስ ገደል ላይ፥ ከወንዙ ከ50 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፥ በአንድ ቅስት ብቻ የቆመ የድንጋይ ድልድይ ተሠራ፤ ስሙም የአስፌልድ ድልድይ ይባላል።

ከምሽጎቹ አብዛኞቹ ገና ሳይሠሩ አገሩ ተከፍሎ ነበር። በ1713 በኡትሬክት ውል ወሰኑ በተራራው አናት እንዲሄድ ተቆረጠ፤ ውሃው ወደ ፈረንሳይ የሚወርድበት ለፈረንሳይ፥ ወደ ኢጣሊያ የሚወርድበት ለሳቮያ ሆነ። ከአምስቱ ማኅበሮች ሦስቱ ወዲያ ቀሩ። ለ370 ዓመታት አብረው ግብር ሲደለድሉ የኖሩ ወንድማማቾች እንግዲህ በሁለት ነገሥታት ሥር የሚኖሩ ባዕዳን ሆኑ።

አሁን ወደ ተነሣንበት ወደ መንገዱ እንመለስ። ኢጣሊያ በ1861 አንድ መንግሥት ሆነች፤ በ1882 ደግሞ ከጀርመንና ከኦስትሪያ ጋር የሦስትዮሽ ቃል ኪዳን ገባች። መድፍም በዚያ ዘመን ርቆ የሚመታ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ፈረንሳዮች ከቮባን ምሽጎች በላይ ገና ወደ ከፍተኛው ተራራ ወጥተው፥ በአንፈርኔ፥ በጎንድራንና በሌሎችም ጫፎች ላይ አዲስ ምሽግ ሠሩ። ምሽግ ግን ያለ መንገድ ከንቱ ነው፤ መድፉ፥ ባሩዱ፥ ስንቁና ድንጋዩ ሁሉ መውጣት አለበትና። መሐንዲሶቹ የበቅሎንና የሠረገላን ጉልበት አስልተው፥ ዳገቱ በአንድ ልክ እንዲሆን መንገዱን ወዲያና ወዲህ እያጠማዘዙ አስረዘሙት። ከበታቹ በድንጋይ ካብ ደገፉት፤ ውሃ እንዳይሸረሽረውም ተሻጋሪ ቦይ አበጁለት። ከብሪያንሶን በስተ ደቡብ ያለውን የኢዞዋርን በር የሚያሻግረው ጎዳና እንኳ በጄኔራል ቤርዥ ዘመን በወታደሮች ጉልበት የተሠራ ነው። ኢጣሊያኖችም በበኩላቸው፥ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ባለው በሻቤርቶን ተራራ ጫፍ ላይ ስምንት መድፎች ተከሉ፤ ወደዚያም በጠመዝማዛ የሚወጣ መንገድ ከፈኒል መንደር ጀምረው አወጡ።

እነዚህ መድፎች የተኮሱበት ጦርነት ለእኛም ታሪክ ሩቅ አይደለም። ሙሶሊኒ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ያወጀው ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ነበር። በሰኔ 14 ቀን ጉሙ ሲገለጥ፥ የፈረንሳይ ጦር በአራት ትላልቅ መድፎች ተኩሶ ከሻቤርቶን ስምንት መድፎች ስድስቱን ከጥቅም ውጭ አደረጋቸው። ያው የሰኔ ዐዋጅ ደግሞ እንግሊዝን የኢጣሊያ ጠላት ስላደረጋት፥ በስደት ለነበሩት ለንጉሠ ነገሥቱ በሱዳን በኩል የመመለሻ በር ከፈተ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በአገራችንም ፋሺስቶች ሊገዙን በጣርማ በር ተራራውን በስተው ያሳለፉት መንገድ፥ እነርሱ ከሄዱ በኋላ የእኛን ገበሬ፥ የእኛን ተማሪ ሲያመላልስ ኖሯል። ሻቤርቶንም በ1947 በተደረገው የሰላም ውል ለፈረንሳይ ተሰጠ።

ከዚያ በኋላ ወታደሩ ወረደ፤ መንገዱ ግን በተራራው ላይ ቀረ። ለብዙ ዘመን ከእረኛና ከእግረኛ በቀር የሚፈልገው አልነበረም። ኋላ በ1970ዎቹ በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ፥ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ያሉ ወጣቶች ጎማቸው ወፍራም የሆኑ አሮጌ ቢስክሌቶችን እየጠገኑ፥ ለእሳት አጥፊዎች በተጠረገ የአፈር መንገድ ቁልቁል መወዳደር ጀመሩ። በ1976 የጀመረው የታወቀው ውድድራቸው ስሙን ያገኘው፥ ከቁልቁለቱ ብዛት የፍሬኑ ግራሶ ተቃጥሎ እንደ ገና መሞላት ስለሚያስፈልገው ነው። ከዚያ ጠንካራ አካልና ብዙ ማርሽ ያለው የተራራ ቢስክሌት ተፈጠረ፤ በ1996ም በአትላንታ ኦሊምፒክ ውድድር ሆነ።

ይህ ቢስክሌት ወደ አልፕስ ሲመጣ ለእርሱ የተዘጋጀ የሚመስል መንገድ ጠበቀው። ለበቅሎ ልክ የሆነ ዳገት፥ ማርሹን ዝቅ አድርጎ ለሚረግጥ ሰውም ልክ ነውና። ጋላቢው ከቴት ምሽግ ተነሥቶ ወደ አንፈርኔና ወደ ጎንድራን ሲወጣ፥ ሳያውቀው የመድፍ ጐታቾቹን ትንፋሽ ይተነፍሳል። በእያንዳንዱ ጥምዝ ላይ መንገዱ ለምን ሰፋ ብሎ ቢጠይቅ፥ ሠረገላና በቅሎዎች እንዲዞሩበት መሆኑን ያገኘዋል። ከዚህ የበለጠ የታሪክ ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ አይገኝም ብንል ከእውነት አንርቅም።

ሆኖም ሁሉ መልካም ነው አንልም። ፍሬን ይዞ የሚንሸራተት ጎማ በአፈሩ ላይ ትልም ያወጣል፤ ጥምዙን ለማቋረጥ የሚቸኩል ሰውም አዲስ ቁልቁል ይከፍታል። ዝናብና የቀለጠ በረዶ ያን ትልም ተከትሎ ቦይ ያደርገዋል፤ ቦዩም ከመቶ ዓመት በላይ የቆመውን ካብ ከሥሩ ይበላዋል። የሻቤርቶን መንገድ በብዙ ቦታ በናዳ ተቆርጧል። በ2008 የቮባን ምሽጎች በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጻፉ ብሪያንሶንም አብራ ተጽፋለች። ግንቡ እንዲህ ባለ ዝና ሲጠበቅ፥ መንገዱ ግን ቅርስ መሆኑን የሚያስበው ጥቂት ሰው ነው። ጥንት ኤስካርቶኖች መንገዱን ሲጠግኑ የኖሩት ሁሉም የእኛ ነው ስላሉት ነበር፤ የእኔ ነው የሚለው የሌለ መንገድ ግን ማንም ሳያፈርሰው ይፈርሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም። ከ2017 ወዲህ በሞንጄኔቭርና በኤሼል በር፥ በቀን ሳይሆን በሌሊት፥ በበጋ ብቻ ሳይሆን በበረዶም የሚያልፉ ሌሎች መንገደኞች አሉ። ከአፍሪካና ከእስያ ተሰደው፥ ከኢጣሊያ ወደ ፈረንሳይ ለመግባት የሚሹ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ በብርድ ጣታቸውን ያጡ፥ ሕይወታቸውም ያለፈ አሉ። የብሪያንሶን ሰዎች ብዙዎቹ፥ አያቶቻቸው በበረዶ ለጠፋ መንገደኛ ያደርጉት እንደ ነበረ፥ ወጥተው ፈልገዋቸዋል፤ ቤትም ከፍተውላቸዋል። አንዱ ለደስታው ላቡን በሚያፈስበት ጥምዝ ላይ ሌላው ነፍሱን ይዞ ይሮጣል። ሁለቱም የሚረግጡት ድንጋይ ግን ሰው እንዳያልፍ ለማድረግ የተነጠፈ ነበር።

እንግዲህ ከብሪያንሶን የምንማረው ይህን ነው። መሐንዲሱ ግንብን ሲሠራ ማን እንዲገባ፥ ማን እንዲቀር ይወስናል፤ መንገድን ሲሠራ ግን ውሳኔው ከእጁ ይወጣል። ንጉሡ ለመድፍ ቢያስጠርገው፥ ከእርሱ በኋላ በቅሎ ነጂ፥ እረኛ፥ ቢስክሌተኛ፥ ስደተኛም ይሄድበታል። ስለዚህ የአገሩን ታሪክ የሚመረምር ተማሪ፥ ተማሪውንም የሚመራ መምህር፥ በግንቡ ሥር ቆመው ሲያበቁ ዞር ብለው መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ። አሠሪው የማን ስም እንዳለው ከማወቅ ይልቅ፥ ዛሬ ማን እንደሚሄድበትና ማን እንደሚጠግነው መጠየቅ ይበልጣል እንላለን።